እማዬ በእሳቱ ላይ ያፈሰሰችው ጠበል

ለውድ ወንድሜ ለደግፌ፤

ወንድም ዓለሜ፣ እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ እዚህ ሰኔ ገብቶ ጋቢ ደራርበን ስንንቀጠቀጥ፣ አንተ ባሕሩ ዳር ላብህን እየጠረግህ ለዚያ ሁሉ የወደብ ሠራተኛ ወጥ ስታማስል ይታየኛል። የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይይዝሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሰው አጥግቦ ራሱ ጦሙን ማደር ልማድህ ነውና፣ እባክህ በእኔ ሞት፣ ከማቅረብህ በፊት አንተ ቅመስ። እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። በሕይወት አለን ያልኩህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ ዘንድሮ ቃሉ የምር ነው።

ይህን ወረቀት ገና ስትዘረጋው አንድ ነገር ሳታስተውል አትቀርም። ሌላ ጊዜ ደብዳቤያችን ሲደርስህ ቀለሙ እዚህም እዚያም ፈሶ ግማሹን ቃል በግምት ነበር የምታነበው። እማዬ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ጣቷን ጠበል ውስጥ ነክራ ወረቀቱን ካላማተበችበት አይላክም ነበርና። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ እባክሽ እማዬን ለምኚልኝ፤ ወይ ትመርቀኝ ወይ ላንብብ» ብለህ የጻፍከውን ሳነብላት እስክታነባ ድረስ ስቃ ነበር። የዛሬው ወረቀት ደረቅ ነው። ለምን ደረቅ እንደሆነ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

በመጀመሪያ ግን አትደንግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። መርዶ በፖስታ የምልክ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቀኛለህ። በሚያዝያ የጻፍኩልህ ደብዳቤ አጭር የነበረው ሞቱማ «እጄ ድኖ ሳናይ ወንድምሽን አታስጨንቂው» ብሎኝ ነው። ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ እሱ እየተቃጠለ የሰው ጭንቀት ያሳስበዋል።

ነገሩ ለመስቀል መጥተህ በነበረ ጊዜ ካመጣህልን የጋዝ መጥበሻ ጋር የተያያዘ ነው። አሁን ይህን ስታነብ ራስህን መውቀስ እንደምትጀምር አውቃለሁ፤ ተው። ያ መጥበሻ ምግብ ቤታችንን ሰው አድርጎት ነበር። ከነቀምት የሚመጡት ሾፌሮች ጊንጪ ላይ መብላት ትተው «ጭስ የሌለው ጥብስ» እያሉ እኛ በር ላይ ይቆሙ ጀመር። ሞቱማ በየቀኑ ሲወለውለው እንደ ዓይኑ የሚሳሳለት ነገር ከእኔ ሌላ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከፍርግርጉ ብረት ሥር የሚንሸራተተውን፣ ስቡ የሚንጠባጠብበትን ትሪ እያሳየህ «ይህን በየማታው ድፉ፣ አጥባችሁ መልሱ» ብለኸን ነበር፤ ሞቱማም ቃልህን ጠብቆ እስከ ቅበላ ድረስ አንድም ማታ ሳይደፋው አላደረም። ክዳኑን ግን፣ እንግዳ እሳቱን እያየ መብላት ይወዳል ብለን አንስተን የዱቄቱን በርሜል ከደንበት።

ቅበላ ዕለት አምቦ ምን እንደምትመስል አንተው ታውቃለህ። ሰው ሁሉ ሁዳዴ ሳይገባበት ሊጠግብ ይሻማል። መጥበሻው ከረፋዱ ጀምሮ አላረፈም፤ በጉን ሸጦ የጨረሰው ገበሬ ከፍየል ነጋዴው ጋር ወንበር ይጋፋል። እንግዳው ወጥቶ ሲያልቅ እኛም ወደቅን። በማግስቱ ጾም ነው። አስተናጋጃችን አመለሸጋ ቢላዋውንም ድስቱንም ፍርግርጉንም በአመድ ፈግፍጋ ሰቀለች። ያ ትሪ ግን ከሥር እንደተሸጎጠ፣ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቶ ቀረ። ሞቱማ ትዝ ያለው ሰኞ ነው። «በሁዳዴ ክንዴን ስብ ውስጥ አልነክርም፤ ለፋሲካ ይጸዳል» አለ። እማዬም «ደግ ብለሃል፣ ጾም ይከበር» አለችው። እኔም ክፉ ነገር አልታየኝም። መጥበሻውን በጆንያ ሸፍነን ጥግ አስያዝነው፤ ጾሙን ሙሉ ሽሮና ክክ እየሠራን እሱ እዚያ ስቡን ታቅፎ ከረመ።

የፋሲካ ዕለት ሞቱማ ቤተሰብ የራቃቸውን አስተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሰብስቦ ጋበዘ። በፋሲካ ሰው ብቻውን አይበላም ብሎ ነው። ከጎንደርም ከሐረርም የመጡ ነበሩ፣ የሚጾምም የማይጾምም፤ ሁሉም ነጭ ለብሰው ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱን ሞሉት። ሞቱማ በደስታ ጆንያውን ገፎ የሙክቱን ጎድን ፍርግርጉ ላይ ደረደረና ለኮሰ። ያን ሁሉ ቀን ሥጋ ያልሸተተው አፍንጫ የት እንደደረሰ አትጠይቀኝ። ትሪውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ጭስ መጣ። የሙክቱ ስብ ነው ብለን ሳቅን። ቀጥሎ ከፍርግርጉ ሥር ቢጫ እሳት በአራቱም ጎን ብቅ ብቅ አለና ሥጋውን ዋጠው። አንዱ አስተማሪ ተነስቶ ማጨብጨብ ሁሉ ጀምሮ ነበር፣ የመጥበሻው ጠባይ መስሎት። ሞቱማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ሲሊንደሩ ከኋላ ግድግዳው ሥር ነበርና ቁልፉን ሊዘጋ በእሳቱ አጠገብ አጎንብሶ እጁን ሰደደ። ሌላ ትንሽ አፍታ ቢያገኝ ኖሮ ይዘጋው ነበር።

እማዬ ጩኸታችንን ሰምታ ከጓዳዋ ወጣች። በሁለት እጇ የጠበሉን ቅል ይዛለች። ልጅ ሆነን ቤቱ በእሳት ሲያያዝ፣ ላሟ ስትታመም፣ አንተን ወባ ሲጥልህ ሁሉ ይዛ የምትወጣውን ያንኑ ቅል። «በስመ አብ ወወልድ» ብላ ሙሉውን ውሃ እሳቱ ላይ ደፋችው።

ደግፌ፣ እሳት ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ? አንተ የወጥ ቤት ሰው ስለሆንክ ምናልባት ታውቃለህ። እኔ አላውቅም ነበር። ውሃው ስቡን እንደነካው አንድ ትልቅ ጩኸት ጮኸና እስከ ኮርኒሱ ድረስ ተነሳ፤ የሚነድ ስብ እንደ ዝናብ ወረደ። አጎንብሶ የነበረው ሞቱማ ላይ ወረደበት። አመለሸጋ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ከሁላችን ቀድማ የበርሜሉን ክዳን አንስታ ሮጠች፤ መጥበሻው ላይ ስትጥለው እሳቱ ወዲያው እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፋ። ክዳኑ እኮ እዚያው ነበር፣ ዱቄት ከድኖ። ቁልፉን እኔ ዘጋሁት። እንግዶቹ ሞቱማን በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመውት ወጡ።

ቀኝ እጁ ከጣቱ እስከ ክርኑ፣ ቀኝ ጉንጩና ጆሮው ተቃጥሏል። ዓይኑ ተርፏል። ሐኪም ቤት ስንደርስ ድሬሰሩ ቁስሉን አይቶ ገና ሳይነካው «ውሃ ማነው ያፈሰሰበት?» ብሎ ጠየቀ። እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። እሱ ክፋት የለውም፣ ሊያስተምረን ነው፤ የሚነድ ስብ ላይ ውሃ ሲፈስ ከሥር ገብቶ ባንድ አፍታ ይፈላና እሳቱን ይዞ እንደሚነሳ፣ ጋዙ ተዘግቶ እሳቱ መከደን ብቻ እንዳለበት፣ ከተከደነም በኋላ እስኪቀዘቅዝ መክፈት እንደማይገባ በደንብ አስረዳን። እኔና አመለሸጋ ሰማን። እማዬ የሰማችው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው።

ሞቱማ ከሐኪም ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ እየዳነም ነው። የማይድነው ቤቱ ነው። ያን ቀን ግድግዳው በሙሉ ጠቁሮ ሞቱማ ያጎነበሰበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ራሱም፣ ትከሻውም፣ የዘረጋው ክንዱም ይለያል። ኖራ ቀባነው። ሲደርቅ ጥላሸቱ ከሥር ወዝቶ ወጣ፣ ነጩ ሰውዬም አብሮ ተመለሰ። ደግመን ቀባነው። ተመልሶ መጣ። አሁን መጋረጃ ሰቅለንበታል፤ እማዬ ግን ሰው የሌለ ሲመስላት መጋረጃውን ገልጣ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። የተቃጠለው ስብ ሽታም አልወጣም፤ በር ከፍተን ውለን ሲመሽ ስንዘጋው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ይመጣል። እኔ ራሴ ቅቤ ሲንጣጣ በሰማሁ ቁጥር ክው እላለሁ። ከአንተ ምን እደብቃለሁ፣ እፈራለሁ።

የእማዬ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። እሷ የምትለው ጠበሌን እግዚአብሔር ተፋው ነው። «ዕድሜ ልኬን ይዤው ስወጣ ሰምቶኛል፤ በትንሣኤው ዕለት በሰው ሁሉ ፊት መልሶ ተፋብኝ። ምን አድርጌ ነው?» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ደጃፉን አትረጭም። እሳት ሲለኮስ ከቤት ትወጣለች፤ እኛ ምግብ አብስለን እስክንጨርስ ጓሮ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ትቆማለች። በበጋው ችለነው ነበር፤ አሁን ዝናቡ ገብቷል። ትናንት ዝናቡ እላይዋ ላይ ሲወርድ ክንዷን ይዤ ስጎትታት እንደ ሕፃን ዛፉን አቀፈችው። ሳል ጀምሯታል። ድሬሰሩ ክረምቱን እንዲህ ከቆመች ሳንባዋ አይችልም ብሎኛል። የፈራሁት ይህንን ነው ወንድሜ፤ ከእሳቱ ያመለጠችውን እናታችንን ዝናቡ ሊወስድብኝ ነው።

የንስሐ አባታችንን መምሬ እንግዳወርቅን አስጠራሁላት። እሳቸውም በፍቅር አነጋገሯት፤ ጠበል በእምነት ነው፣ እግዚአብሔርን አትመርምሪው አሏት። ቅሏንም በአዲስ ጠበል ሞልተው አመጡላት። እሷ ግን በእምነት ነው ያሉትን ይዛ እምነቴ ጎድሎ ነው ብላ ጭራሽ ባሰባት። እኔም ጠባዬን ታውቀዋለህ፣ ንድድ አለኝ። በቀን በብርሃን ጓሮ አወጣኋትና አሮጌ መጥበሻ ላይ ትንሽ ሞራ ጥጄ እስኪነድ ጠበቅሁ። አጠገቡ ሰው አላስቀረሁም። ከዚያ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ጣሳ አስሬ፣ ከሁሉቃ ወንዝ የተቀዳ፣ ልብስ የምናጥብበትን ውሃ ከሩቅ አፈሰስኩበት። ያው ጩኸት፣ ያው መነሳት። አመለሸጋ እንኳ እያወቀችው ጮኸች። አንተ ግን ይህን እንዳታደርገው፤ እኔም ሁለተኛ አላደርገውም፣ ቅንድቤ ተለብልቧል።

«አየሽ እማዬ!» አልኳት፤ «ጠበል አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። የወንዝ ውሃም ያው ነው። ማንም ያፍስሰው፣ የትኛውም ውሃ ይሁን፣ ስብ እንዲህ ነው።» ደስ ብሎኝ ነበር። የተሸከመችውን ያወረድኩላት መስሎኝ ነበር።

እማዬ እሳቱ በራሱ ጊዜ እስኪከስም አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረችና «ታዲያ ልጄ፣ ጠበሉ ከወንዙ ውሃ በምን ተለየ?» አለችኝ።

ደግፌ፣ ካልተለየ፣ አንተን ከወባ ያዳነህ ምንድን ነው? አባታችንን ስንገንዘው የረጨችው ምን ነበር? እኔ ከጥፋቷ ላሳርፋት ብዬ የምትደገፍበትን ነገር ከሥሯ ሳብኩባት። ከዚያ ወዲህ «ምን አድርጌ ነው» ማለቷን ትታለች። ዛሬ የሰኔ ሚካኤል ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከኔ ጋር እስከ ቅጥሩ በር ሄደችና ሕዝቡ ሲገባ እሷ እውጭ ቆማ ቀረች። ታቦቱ ሲወጣ እልል ይባላል፤ እሷ እጇን ታያለች።

ሞቱማ በበኩሉ ይሞክራል። ታውቀዋለህ፣ የጎጆ ከተማ ሰው ቀዝቃዛ ነው ይሉታል እንጂ አንጀቱ ቅቤ ነው። አጠገቧ ቁጭ ይልና «አዮ፣ ጠበሉ ባይኖርበት ዓይኔን ይወስደው ነበር። እኔ የማምነው ይህንን ነው» ይላታል። አዮ ማለት በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት አይደል፤ ከተቃጠለ ወዲህ ነው እንዲህ ብሎ መጥራት የጀመረው። እሷም «አንተ ደግ ስለሆንክ ነው» ትለውና ፊቷን ታዞራለች። በተጠቀለለው እጁም ጉልበቷን መታ መታ ያደርጋታል።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ለመስቀል ሳይሆን አሁን ና። ካልተፈቀደልህ ጻፍላት፣ እኔ አነብላታለሁ። አንተ የመጨረሻ ልጇ ነህ፤ እኔ አንድ ነገር ለማሳመን ቀኑን ሙሉ የምጨቃጨቃት ሴትዮ አንተ ከተናገርክ ወዲያው አሜን ትላለች፣ ይህንንስ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደተቀየምኩህ ነው። ብቻ ለጥያቄዋ የምትሰጠው መልስ ካለህ ስጣት። እኔ የእሳቱን ነገር ነግሬያታለሁ፤ የቀረው የአንተ ነው።

መጥበሻው አለ። እማዬ ሁሉቃ ውስጥ ጣሉት ብትለንም እኔ አልጣልኩትም፤ ሞቱማ እጁ ሲድን እንደገና እለኩሰዋለሁ ይላል። የሚለኮስ ከሆነ ትሪው በየማታው ይደፋል፣ ጾምም ቢገባ ባይገባም። ክዳኑ ከመጥበሻው አጠገብ ይሰቀላል፤ ለዱቄቱ ሌላ ክዳን ይፈለግለታል። ሲሊንደሩም ሰው እሳት ላይ ሳያጎነብስ እንዲዘጋ ወደ በሩ ተዛውሯል። አንተም እዚያ ያለውን የወጥ ቤትህን ትሪ ይህን ካነበብክ በኋላ ተነስተህ እየው።

ሞቱማ በግራ እጁ ሰላም ይልሃል፤ «አካም ጅርታ፣ ስትመጣ በቀኜ እጨብጥሃለሁ» ብሏል፣ ጣቶቹ ግን ገና አይገጥሙም። ልጃችን ጉዴ ክፍል አልፋለች፤ አጎቴ የባሕር ዛጎል ይላክልኝ ትላለች። አመለሸጋ ጉልበት ስማ ሰላም ብላሃለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም በእሷ ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም። መምሬ እንግዳወርቅም በጸሎት አስቤዋለሁ በይልኝ ብለዋል።

እህትህ ሸዋገነት።

ደግሞም፤ ስሜን ከጻፍኩ በኋላ ለእማዬ አንብቤላት ምን ልበልልሽ አልኳት። ያልተናገርኩት ነገር ቢኖር ልታወጣው ብዬ ሁሉንም ሳልዘል ነው ያነበብኩላት፣ የሷን ጥያቄ ጭምር። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። መምሬ ሞልተው ያመጡላት ቅልና የመጠጥ ውሃችን እንስራ እዚያ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ስትመለስ ጣቷ ርሶ ነበር፤ ስሜ ላይ ቀለሙ የፈሰሰው በዚህ ነው። ከየትኛው እንደነከረች አላየሁም። ለመጠየቅም አልደፈርኩም። አንተ እንደ ድሮው ተቀበለው።

አምቦ፣ ሰኔ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.